አባቴን ይደብርሃል ወይ ብዬ ጠየቅኩት፦ ከሃርት አታክ በኋላ ስለሚመጣ ድባቴ የከፈትኩት ክርና 26ቱ መልሶች

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት መጋቢት ላይ ነው። አሁን 26 መልስ አለው። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉንም ለማንበብ ይደክመዋል፤ መሐል ላይ ያለው ጠብም ብዙ ሰው አስወጥቷል። ስለዚህ ከላይ ጀምሬ ላውራው። የማንንም ቃል አልገለብጥም፤ ያሉትን በራሴ አነጋገር ነው የምናገረው። ልቡን ታሞ የተነሣ ሰው ቤቱ ላለ ሁሉ ይጠቅማል ብዬ ነው።

መነሻው የእኔ ጥያቄ ነበር። አባቴ 67 ዓመቱ ነው። የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ከ20 ዓመት በላይ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠርቷል። ጥር ውስጥ አንድ ጠዋት ሥራ ላይ እያለ ደረቱን ጭምድድ አደረገው። ግራ እጁ ደነዘዘ፣ ላብ አጠመቀው። አምቡላንስ ደረሰለት። የተዘጋውን የልብ ቧንቧ ከፍተው ስቴንት፣ ማለትም ቧንቧውን ክፍት አድርጎ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ፣ አስገቡለት። በ3ኛው ቀን ቤቱ ገባ። ዘመድ ወዳጅ መጣ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ ተባለ፣ ቤቱ ሞላ። ከዚያ ሰው ሁሉ ወደየሥራው ሄደ።

አባዬ ግን እዚያው ቀረ። ሶፋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። ሁለት ጣቱን እጅ አንጓው ላይ አድርጎ የልብ ምቱን ይቆጥራል። ከአዲስ አበባ ሲደወልለት አያነሣም። እናቴ ያፈላችው ቡና እፊቱ እንደተቀመጠ ቀዝቅዞ ይነሣል። አንድ ቅዳሜ ማታ የክኒን ሳጥኑን ከፈትኩት። ሰባት ክዳን ያለው፣ የቀናቱ ስም የተጻፈበት ነው። ከማክሰኞ ጀምሮ አልተነካም። ደም ማቅጠኛዎቹ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል፣ የኮሌስትሮሉ፣ የልብ ምት የሚያረጋጋው ሜቶፕሮሎል እንዳለ ተቀምጧል። ለምን ስለው ምን ሊያደርግልኝ ብሎ ፊቱን አዞረ።

ጥያቄዬ እንዲህ ነበር። ይሄ ነገር በጊዜ የሚለቅ ነው ወይስ የምክር ሕክምና ይፈልጋል? በአማርኛስ ይገኛል?

1ኛው መልስ የመጣው ከአዲስ አበባ ነው። ጨዋ ሰው ናቸው። አባቴን መርቀው፣ እኔን ልጄ ብለው ጀመሩ። አጎታቸውም እንዲሁ ሆነው ነበር። ዓመት ፈጅቶባቸው ለቀቃቸው። ታገሺ፣ አታስጨንቂው ነው ምክራቸው።

2ኛዋ የልብ ሕክምና ክፍል ውስጥ የምትሠራ ነርስ ናት። መታገሡን አልተቀበለችውም። ሃርት አታክ ካጋጠማቸው ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ገደማ ከባድ ድባቴ (ዲፕሬሽን) ውስጥ ይገባል፣ ቀለል ያለው ሲጨመር ቁጥሩ ከዚያም ይበልጣል አለች። ሞንትሪያል ውስጥ 222 ሕሙማን ላይ ተሠርቶ በ1993 የወጣ ጥናት አነሣች። ድባቴ ያለባቸው በ6 ወር ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ አራት እጥፍ ገደማ ነበር። ምክንያቱንም አስረዳች። የደበተ ሰው መድኃኒቱን ይተዋል፣ ከቤት አይወጣም፣ ሲጋራ የተወም ይመለሳል። ሰውነቱም ራሱ ይለወጣል፤ ደሙ በቀላሉ ይረጋል፣ የልብ ምቱ እንደሁኔታው መፍጠንና መዘግየት ያቅተዋል። ያ የክኒን ሳጥን የስንፍና ሳይሆን የሕመሙ ምልክት ነው አለችኝ። ይህቺን ይዤ አደርኩ።

3ኛው ተቆጣ። ለደነገጠች ልጅ የሞት ቁጥር አይነገርም ባይ ነው። ነርሷ 4ኛ ላይ ተመልሳ ይቅርታ ጠየቀች። ቁጥሩ የብዙ ሰው ነው፣ በአንድ ሰው ላይ የተፈረደ ፍርድ አይደለም አለች። ግን ያለችውን አላነሣችም። እኔም ባለማንሣቷ አመሰግናታለሁ።

5ኛው መልስ አጭር ነበር፤ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን እሱ ነው። ጎንደር የሚሠራ ሐኪም ነው። የአባቴ ሕመም በአማርኛ ምን ተብሎ እንደተነገረው ጠየቀኝ። እኛ ቤት ልብ ድካም ነው የሚባለው፤ ጠያቂውም ሁሉ እንዲሁ ነው ያለው። ሐኪሙ ሁለቱ ለየቅል ናቸው ብሎ አረመኝ። ሃርት አታክ ማለት ቧንቧ ተዘግቶ የልብ ጡንቻ ደም ሲያጣ ነው። ልብ ድካም የሚባለው ልብ ደም መርጨት ሲያቅተው ነው። አንዱ ሌላውን ሊያስከትል ይችላል፤ አንድ ግን አይደሉም።

ማታውኑ አባዬን ጠየቅኩት። ልቡ እንደደከመ ነው የሚያውቀው። የደከመ ነገር ማረፍ አለበት ብሎ ነው የተቀመጠው። ደረጃ የማይወጣው፣ ፖስታ ሳጥኑ ድረስ እንኳ የማይሄደው፣ የቀረችውን ጉልበት እየቆጠበ ነው። ለሁለት ወር ልቡን እንደሚያልቅ ባትሪ ሲጠብቅ ኖሯል። የሆስፒታሉ ሐኪም ግን ገና ሲያስወጣው ቀስ እያለ ይራመድ ብሎ ነበር። እኔ ነኝ ያስተረጎምኩት። ይራመድ ማለቱን ነገርኩት፤ ለምን መራመድ እንደሚችል ግን አልነገርኩትም።

6ኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማስተርጎም ከተነሣ የከበደኝን ልናገር ብዬ ነው። ከሆስፒታል ከወጣ በሦስተኛው ሳምንት ክትትል ስንሄድ አንዲት ባለሙያ ዘጠኝ ጥያቄ ያለው ቅጽ ይዛ መጣች። ያለፉት ሁለት ሳምንታት እንዴት ነበሩ የሚል ነው። እንዲያው እኔ ላስተርጉም አልኩ። መንፈሱ ዝቅ ብሎ ያውቃል ወይ ስትለኝ፣ አፌ ላይ የመጣልኝ አባዬ ይደብርሃል እንዴ የሚል ነበር። ሳቅ አለና ምን ይደብረኛል፣ ቴሌቪዥን አለ አለኝ። ዜሮ ብላ ጻፈች። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ጠየቀች። እናቴ አጠገቡ ስለተቀመጠች ሁሉም ደህና ነው አለ። ዘጠነኛው ሞትን ስለመመኘት ነው። አባቴን ዓይኑን እያየሁ ያንን መጠየቅ አልቻልኩም። ለእሱ ሳልነግረው፣ ለእሷ የለም ብዬ መለስኩ።

7ኛው መልስ እንደ ጥፊ ነው የመጣው። ሰውዬው ሐኪም ዋሽተሻል አለኝ። አባትሽን ከሁሉ የሚያሳስበውን ጥያቄ ነጥቀሽዋል፣ አሁን መጥተሽ ከእኛ ምክር ትጠይቂያለሽ አለ። ሁለት ቀን ወደ ክሩ አልተመለስኩም። እውነቱን ነው። አነጋገሩ ሻካራ ነው እንጂ የተናገረው ውሸት የለበትም።

8ኛዋ ስለ እኔ ተከራከረች። እስራኤል ነው የምትኖረው፤ ቤተሰቧ ከጎንደር የመጡ ናቸው። ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ ኩፓት ሖሊም፣ የእስራኤሉ የጤና መድን ክሊኒክ ውስጥ፣ ለእናቷ ስታስተረጉም ነው ያደገችው። የእናቷን የማህፀን ሕመም በዕብራይስጥ ስትናገር የተሰማትን እፍረት ጻፈች። ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም፣ ልጅን መሐል የሚያስቀምጥ አሠራር ነው አለች። ወላጅም ልጁ ፊት አይከፋም፤ ልጁን ሊያስደነግጥ አይፈልግማ።

9ኛው እዚሁ እኛ አካባቢ በአስተርጓሚነት የሚሠራ ወንድማችን ነው። ይህን መልስ ቀድታችሁ አስቀምጡት። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ቤተሰብ አስተርጉም ብሎ ማስገደድ አይችልም። ቀጠሮ ስትይዙ አማርኛ ብላችሁ አስመዝግቡ። በአካል ባይገኝ በስልክ ይገኛል። ዘጠኙ ጥያቄዎችም በአማርኛ ተዘጋጅተው አዲስ አበባና ቡታጅራ ላይ በጥናት ተፈትሸዋል፤ እዚያው ቆሞ እንደመጣ መተርጎም አያስፈልግም።

ስለ ቃሉም ተናገረ። ባለሙያዎች ድባቴ ይላሉ፤ ብዙ አባቶች ግን ቃሉን ሰምተውት አያውቁም። ደበረኝ ደግሞ ሥራ ፈታሁ ማለት ሆኗል። እሱ የሚያስተረጉምላቸው ሰዎች ሆድ ባሰኝ፣ ባር ባር አለኝ፣ እህል አልበላልህ አለኝ፣ ሰው አስጠላኝ፣ ልቤን ከበደኝ ነው የሚሉት። የልብ ሕመምተኛ ልቤን ከበደኝ ሲል ደግሞ ሁሉም ወደ ልብ ምርመራው ይሮጣል። መመርመሩ ልክ ነው። ምርመራው ደህና ሲሆን ግን ሰውዬው ምንም የለብህም ተብሎ ይሸኛል፤ ክብደቱ እዚያው ይቀራል።

ነርሷም ከሥር አንድ ነገር ጨመረች። ዘጠነኛውን ጥያቄ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም። ሰው አዎ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም። አሜሪካ ውስጥ 988 መደወል ይቻላል።

ከ10ኛው እስከ 15ኛው ድረስ ጠብ ነው። ቶሎ ላልፈው እሞክራለሁ። 10ኛው ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ወሬ ነው አለ። እኛ ዕድር አለን፣ የንስሐ አባት አለን፣ ቡና አለን፤ ገንዘብ ከፍሎ ለማያውቁት ሰው ሆድን መዘርገፍ ነውር ነው፤ ጸበል ውሰጂው። 11ኛው ዲያቆን ነው፤ በትሕትና መለሰ። ጸበሉን ይጠመቅ፣ መድኃኒቱን ግን አንድ ቀን እንዳይተው አለ። የንስሐ አባትና ሐኪም አንዱ የሌላውን ቦታ አይቀማም ባይ ነው። 12ኛው ወንድሙ ስቴንት ከገባለት በኋላ ጸበል ገብቶ መድኃኒት ያቆመ ሰው ነው። ደም ማቅጠኛው በድንገት ሲቆም ስቴንቱ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። የወንድሙም ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የጻፈውን ስድብ አልደግመውም፤ ሐዘን ነው ያናገረው። 10ኛው መልሶ ተሳደበ፣ ሌሎች ሁለት ሰዎች ገቡ፣ አወያዩ ጥቂቱን ሰረዘ። የእኔ ሐሳብ ከዲያቆኑ ጋር ነው። አባዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ጀምሯል፤ መድኃኒቱንም በኪሱ ይዞ ነው የሚሄደው።

16ኛው ላይ ወሬው ወደ ጾም ሄደ። ሁዳዴ ስለነበር ነው። በሽተኛ መድኃኒቱን በጠዋት በእህል መውሰድ እንደሚችል ዲያቆኑ አስረዳ። 17ኛው ከድሬዳዋ ጽፎ ወደ ጫት ወሰደን። ልቡን ታሞ የተነሣ ጎረቤቱ ለመነቃቃት ብሎ እንደገና ጀምሯል፤ ሲቅም ይስቃል፣ ሲወጣለት አልጋ ላይ ይወድቃል። ነርሷ ደነገጠች። ጫት የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፤ የመን ውስጥ የተሠሩ ጥናቶችም ከሃርት አታክ ጋር አያይዘውታል። ጎረቤቱ ድባቴውን በራሱ እያከመ ነው፣ በተሳሳተ መድኃኒት አለች። ከርዕስ የወጣ ቢመስልም ከርዕሱ የወጣ አይደለም።

18ኛው መልስ ስጠብቀው የነበረው ነው። ስዊድን የሚኖር፣ ራሱ ሃርት አታክ የመታው፣ የምክር ሕክምናውንም የጨረሰ ሰው። ምን ያደርጋሉ እዚያ ለሚለው ጥያቄ እንዲህ ሲል በዝርዝር ተረከ። መጀመሪያ ቀን ማልቀስ ያለበት መስሎት ሄደ። ባለሙያዋ ግን ማክሰኞ ጠዋት ከተነሣህ በኋላ ምን አደረግክ ብላ ነው የጀመረችው። ምንም አለ። ለሚቀጥለው ማክሰኞ አንዲት ነገር እንምረጥ አለችው። እንጀራ ቤት ድረስ መሄድን መረጠ። ሲሄድ ደረቱ ወጋ አደረገው፣ ሞትኩ አለ፣ ግድግዳ ይዞ ቆመ። አልሞተም። እሱን ወረቀት ላይ ጻፈችው፦ ምን ተሰማህ፣ ምን አሰብክ፣ ምን ሆነ። በየሳምንቱ እንዲህ። ከአራተኛው ቀን በኋላ ለሞተ ወንድሙ አለቀሰ፤ ስለ ልቡ ሳይሆን ስለ ወንድሙ።

ኡፕሳላ ውስጥ ስለተሠራ ጥናትም ነገረን። በ2011 ነው የወጣው። 362 የልብ ሕሙማን ናቸው። ገሚሱ በቡድን እየሆኑ በአንድ ዓመት ውስጥ 20 ጊዜ፣ በያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሰዓት ተሰብስበው ውጥረትን መቆጣጠር ተማሩ። ወደ ስምንት ዓመት ገደማ ሲከታተሏቸው፣ በእነሱ ላይ ዳግም ሃርት አታክ በ45 በመቶ ቀንሶ ተገኘ።

ክሩ በደስታ ሞላ። 19ኛው ግን ቀዝቃዛ ውኃ አፈሰሰበት። የሥነ ልቦና ተማሪ ናት። የኡፕሳላዎቹ በድባቴ የተመረጡ ሰዎች አልነበሩም አለች። አሜሪካ ውስጥ 2,481 ሰው ያሳተፈ፣ በ2003 የወጣ ትልቅ ጥናት ድባቴ ያለባቸውንና ደጋፊ ሰው ያጡትን መርጦ ለገሚሶቹ የምክር ሕክምና ሰጠ። ሞትና ዳግም ሃርት አታክ አልቀነሰም። ስለዚህ ለሴትየዋ አባትሽ ዕድሜው ይረዝማል ብላችሁ ቃል አትግቡላት አለች። አንዳንዱ ምቀኛ አላት። እኔ ግን አላኮረፍኩም። ያው ጥናት ድባቴው እንደቀለለ፣ ብቸኝነቱም እንደቀነሰ አሳይቷልና፤ ይህንንም ሳትደብቅ ነው የጻፈችው።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ለአባቴ ምክር የምፈልገው ዕድሜ ለማስጨመር ብቻ አይደለም። ቡናውን ትኩስ እያለ እንዲጠጣ ነው። እህቱ ከአዲስ አበባ ስትደውል ሃሎ እንዲል ነው። ጥርሱን የሚያመው ሰው ዕድሜህን አይጨምርም ተብሎ ሕክምና አይከለከልም።

20ኛው እናቱ ለእንቅልፍ የምትወስደውን አሚትሪፕቲሊን ለአባቴ ልላክልሽ አለ። ደግነቱ ገብቶኛል። 21ኛው ፋርማሲስት ነው፤ በአንድ መስመር ጮኸበት። አሚትሪፕቲሊንና መሰሎቹ የቆዩ የድባቴ መድኃኒቶች የልብ ምትን ሊያዛቡ ስለሚችሉ በቅርቡ ሃርት አታክ ለመታው ሰው አይሰጡም። ረጋ ሲል አብራራ። ሰርትራሊን የሚባለው የድባቴ መድኃኒት በ369 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ በ2002 ለልብ አስጊ ሆኖ አልተገኘም። እሱም ቢሆን ከአስፕሪንና ከክሎፒዶግሬል ጋር ሲሆን ደም የመፍሰስን ዕድል ይጨምራል፤ ሐኪሙ ሁሉንም መድኃኒት አውቆ ነው ማዘዝ ያለበት። በፖስታ የሚላክ ነገር አይደለም።

22ኛዋ ስለ ልብ ማገገሚያ ጠየቀችኝ። እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር። ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን ሃርት አታክ ለመታው ሰው እስከ 36 ጊዜ ይሸፍናል። ልቡ በመሣሪያ እየታየ በባለሙያ ፊት ይራመዳል፣ ብስክሌት ይነዳል፤ የመንፈሱም ሁኔታ ይታያል። ለአባዬ ዓይነቱ ሰው፣ ልቡ እንደማይቆም በዓይኑ የሚያይበት ቦታ ነው።

23ኛው ከአዲስ አበባ ነው፤ ደስ የማይል እውነት ነው የጻፈው። እናንተ አስተርጓሚ ትመርጣላችሁ፣ እኛ ጋ የሚጠይቅም የለ አለ። የልብ ሐኪሙ ወረፋ በበዛበት ደጅ እንዴት አደርክ ለማለት እንኳ ጊዜ የለውም። አባቱን የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ልውሰድህ ሲላቸው አማኑኤል ልታስገባኝ ነው ወይ ብለው ሁለት ሳምንት አኮረፉት። 24ኛው ላይ የጎንደሩ ሐኪም መለሰለት። አጠቃላይ ሆስፒታሎች ውስጥ የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንዳለ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥም ድባቴን ለይተው እንዲያክሙ የሠለጠኑ ባለሙያዎች እንዳሉ ነገረው። አባትህን ስለ እንቅልፍህና ስለ ምግብህ እንጠይቅ ብለህ ውሰዳቸው አለው። ሰውዬው እሞክራለሁ ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አልጻፈም፤ ካነበብክ እባክህ ንገረን።

25ኛው ያ የ7ኛው ሰው ነው። ይቅርታም አላለ፣ ምስጋናም አልጻፈ። ቀጠሮውን በድጋሚ ያዝሽ ወይ ብቻ ነው ያለው።

ይዣለሁ። 26ኛው መልስ ይህን የሚናገር የእኔ ጽሑፍ ነው። አማርኛ ብዬ አስመዘገብኩ። አባዬ ገባ፤ አስተርጓሚዋ በስልክ ነበረች። እናቴና እኔ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። እናቴ መቁጠሪያዋን ይዛለች። 40 ደቂቃ ቆየ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። የዘጠኙ ጥያቄ ውጤቱ ከ27ቱ 14 እንደሆነ ባለሙያዋ እሱን አስፈቅዳ ነገረችኝ። ሁለት ወር ሙሉ ዜሮ ተብሎ የተጻፈው ሰው ነው። በየሳምንቱ ሐሙስ እንዲመጣ ተስማሙ፤ አስተርጓሚዋ እንዳትለወጥ እሱ ራሱ ጠየቀ። የወሎ ሴት ናት አለኝ። ዘጠነኛውን ጥያቄ ምን ብሎ እንደመለሰ አልጠየቅኩትም። ለእሷ መመለሱ ይበቃኛል።

ትናንት ሦስተኛ ሐሙሱ ነበር። እንደ ልማዴ በሩ ድረስ ላደርሰው ስል እጁን አነሣ። ከመግቢያው ራቅ ብሎ ያለ ባዶ ቦታ አሳየኝ፤ መኪና የት እንደሚቆም ከእኔ የተሻለ ያውቃል። እዚያ አቁሚና ልራመድ አለኝ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ፣ ጣቱን እጅ አንጓው ላይ አደረገ፣ ቆጠረ። ከዚያ ሄደ።